ክላቱ፦ ቢትልስ ናቸው የተባሉት ሦስት ካናዳውያን

በ2025 ክረምት ዘ ቬልቬት ሰንዳውን የሚባል ባንድ ስፖቲፋይ በተባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ ማዳመጫ ላይ ድንገት ብቅ አለ። ብዙም ሳይቆይ የወር አድማጩ ከ1 ሚሊዮን አለፈ። አባላቱን በአካል አየሁ የሚል ሰው ግን ጠፋ። ኮንሰርት የለም። ፎቶዎቹም ሲያዩዋቸው አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ኋላ ላይ የባንዱ ገጽ ራሱ ሙዚቃው በሰው ሠራሽ አስተውሎት እገዛ የተሠራ መሆኑን አመነ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ዘፋኝ በመጣ ቁጥር «ይሄ ደግሞ ሰው ነው ወይስ ማሽን?» ማለት ተለምዷል። ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ ሮክ ሙዚቃ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አልፎበታል። በ1977 አሜሪካ ውስጥ ስምም ፎቶም በሌለው አንድ ሸክላ አገር ተነጋገረ። የዚያን ጊዜው ነገር ግን የአሁኑ ግልባጭ ነበር። ሙዚቀኞቹ በእውነት ነበሩ። ሰው ነው ሌሎች ናቸው ብሎ ድርቅ ያለው። ያውም ዝነኞቹ የእንግሊዝ ሮከሮች፣ ቢትልስ!

ባንዱ ክላቱ ይባላል። ከካናዳ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የሚያውቁትም አብዛኞቹ ሙዚቃውን ሳይሆን ወሬውን ነው የሚያውቁት። ወሬው እንዴት እንደተነሳ፣ ማን እንደተጠቀመበትና ማን እንደከፈለበት ከሥር ጀምረን እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክላቱ እነማን ነበሩ?

በ1973 ቶሮንቶ ውስጥ ጆን ዎሎሹክ እና ዲ ሎንግ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች አብረው ዘፈን መቅዳት ጀመሩ። ዎሎሹክ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ይጫወታል፣ ይዘፍናል። ሎንግ ጊታሩን ይዟል፣ እሱም ይዘፍናል። ትንሽ ቆይቶ ከበሮ መቺው ቴሪ ድሬፐር ተቀላቀለ። ክላቱ ማለት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ስሙን ከፊልም ነው የወሰዱት። በ1951 «ዘ ዴይ ዘ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» የሚባል ፊልም ወጥቶ ነበር። አንድ ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ በጠፈር መርከብ ዋሽንግተን ላይ ያርፋል፣ የሰው ልጅ ጠቡን እንዲተው ያስጠነቅቃል። የእንግዳው ስም ክላቱ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደፊት እንፈልገዋለን።

ከ1973 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ካናዳ ውስጥ ነጠላ ዜማዎችን አወጡ። ጥቂቶቹ በሬዲዮ ተሰምተው ነበር፣ ግን ትልቅ ነገር አልሆኑም። በዚያን ጊዜ ካናዳ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ባንዶች የሚበዙበት ምክንያት ነበረ። ከ1971 ጀምሮ የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ በኤ.ኤም. ሞገድ የሚሠሩ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚያሰሙት ሙዚቃ 30 በመቶው የካናዳ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። አንድ ዘፈን የካናዳ የሚባለው ከአራት ነገሮች ሁለቱን ካሟላ ነው። ዜማው በካናዳዊ መደረስ፣ ዘፋኙ ካናዳዊ መሆን፣ ቀረጻው ካናዳ ውስጥ መደረግ፣ ግጥሙ በካናዳዊ መጻፍ። ጎረቤቷ አሜሪካ በሙዚቃ እንዳትውጣት የተፈራላት አገር ያወጣችው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ትንንሽ አሳታሚዎች ተፈለፈሉ። አንዱ ዳፎዲል ሪከርድስ ነው። ያቋቋመው ፍራንክ ዴቪስ የሚባል ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ሲሆን፣ ክላቱን የያዘውም እሱ ነው።

ቀረጻውን የመራው ፕሮዲዩሰር ደግሞ ቴሪ ብራውን ነው። ይህ ሰው ራሽ የተባለውን ታላቅ የካናዳ ባንድ አልበሞች የሠራ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከጋራዥ የወጡ ጀማሪዎች አልነበሩም። ስቱዲዮ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቁጭ ብለው፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረቡ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ።

ስማቸውን ለምን ደበቁ?

የመጀመሪያ አልበማቸው በ1976 ወጣ። ካናዳ ውስጥ ርዕሱ «3:47 ኢ.ኤስ.ቲ.» ነበር፤ ፊደሎቹ የምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ማለት ናቸው። በፊልሙ ውስጥ የጠፈር መርከቧ ዋሽንግተን ያረፈችበት ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ47 መሆኑ ነው። በአሜሪካ ያከፋፈለው ካፒቶል ሪከርድስ ግን ርዕሱን ቀይሮ በአጭሩ «ክላቱ» አለው።

ሸክላውን ገዝቶ ሽፋኑን ላገላበጠ ሰው ነገሩ ግራ ነው። የዘፋኝ ስም የለም። የተጫዋቾች ስም የለም። የፕሮዲዩሰር ስም የለም። ፎቶ የለም። ዘፈኖቹን ማን ደረሳቸው? ክላቱ። አሳታሚውም ክላቱኖች የሚል ቀልድ የመሰለ ስም ነው የያዘው።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ልጆቹ ሰው ሙዚቃውን በሙዚቃነቱ ብቻ እንዲመዝነው ፈለጉ። የዘፋኙ መልክና የግል ሕይወቱ፣ አለባበሱም ጭምር፣ ከዘፈኑ በላይ የሚያወራበት ዘመን ነበር። እነሱ በዚህ መግባት አልፈለጉም። መድረክ ላይም አይወጡም ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ የደራረቡትን ድምፅ ሦስት ሰው ሆነው መድረክ ላይ መልሶ ማምጣት በዚያን ጊዜ መሣሪያ የሚቻል አልነበረም።

በእኔ እይታ ይህ ክፋት የሌለበት፣ እንዲያውም የሚከበር ሐሳብ ነው። ግን አንድ ነገር አላሰቡም። ባዶ የተተወ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ሰው የሚመኘውን ይሞላበታል። በ1976 የሮክ አድማጭ ከሁሉ በላይ የሚመኘው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ወሬው ከየት ተነሳ?

አልበሙ ሲወጣ ብዙም አልተሸጠም። ወራት አለፉ። ከዚያ በፌብሩዋሪ 1977 በሮድ አይላንድ ግዛት የሚታተመው ፕሮቪደንስ ጆርናል ጋዜጣ ላይ ስቲቭ ስሚዝ የሚባል ጋዜጠኛ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ ጥያቄ ነበር፦ ክላቱ ቢትልስ ይሆኑ?

ልብ በሉ፣ ጽሑፉ ናቸው አላለም። አማራጮችን ነው የደረደረው። ቢትልስ ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ከሌሎች ጋር ሆነው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ማንም የማያውቃቸው፣ ግን ጎበዝ የሆኑ ልጆች ናቸው። ትክክለኛው መልስ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ግን ማን ይፈልገዋል? ጽሑፉን ሌሎች ተቀበሉት፤ በተቀባበሉት ቁጥር የጥያቄ ምልክቱ እየደበዘዘ ሄደ። ሬዲዮ ጣቢያዎች አልበሙን እያሰሙ አድማጭ ደውሎ እንዲፈርድ መጋበዝ ጀመሩ። «ናቸው!» «አይደሉም!» ስልኩ ተጨናነቀ። ሸክላውም መሸጥ ጀመረ። ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ መጽሔት የአልበሞች ሰንጠረዥ እስከ 32ኛ ደረጃ ወጣ። ስማቸው ለማይታወቅ፣ ኮንሰርት ለማያሳዩ ሦስት ካናዳውያን ይህ የማይታመን ነው።

እንግሊዞቹ ግን አልተታለሉም። ኒው ሙዚካል ኤክስፕረስ የተባለው የለንደን ሳምንታዊ «ደንቆሮ ጅል ጋዜጠኛ የቢትልስን ወሬ አስነሳ» የሚል ርዕስ ነው የሰጠው። ጨዋነት የለውም። እውነቱን ለመናገር ግን ያስቃል።

ሰው እንዴት አመነ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ዛሬ ላይ ሆነን ስንሰማው የዚያን ዘመን ሰው ሞኝ ይመስለናል። ሞኝ አልነበረም።

መጀመሪያ ዘመኑን እናስታውስ። ቢትልስ የተበተኑት በ1970 ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ «ሊመለሱ ነው» የሚል ወሬ ይነሳል። በ1976 ነገሩ ጣራ ነካ። ቢል ሳርጀንት የተባለ አዘጋጅ ለአንድ ኮንሰርት ብቻ 50 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። በዚያው ዓመት ሲድ በርንስታይን የተባለ ሌላ አዘጋጅ በጋዜጣ ማስታወቂያ ይመለሱልን ብሎ ለመነ። ሎርን ማይክልስ ደግሞ፣ ሳተርዴይ ናይት ላይቭ የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ አዘጋጅ፣ እሱም ካናዳዊ ነው፣ በቀጥታ ስርጭት ብቅ ብሎ 3,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ቀልዱ ነበር። ከአራቱ ቢትልስ አንዱ የነበረው ጆን ሌነን ኋላ ላይ እንደተናገረው፣ በዚያች ምሽት እሱና የባንድ ጓደኛው ፖል ማካርትኒ ኒው ዮርክ ውስጥ ሌነን ቤት ተቀምጠው ፕሮግራሙን እያዩ ነበር። እንሂድ እንዴ ብለው ነበር አሉ። ስለደከማቸው ቀረ።

እንዲህ ባለ ወቅት «ተመልሰዋል፣ ግን ተደብቀው ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ ጆሮ የሚነፍገው አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ልማድ ነው። በ1969 «ፖል ሞቷል» የሚል ወሬ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ማካርትኒ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ሞቶ በሚመስለው ሰው ተተክቷል፣ ጓደኞቹም ምስጢሩን በሽፋንና በዘፈን ውስጥ ደብቀው እየነገሩን ነው የሚል። ወጣቶች ሸክላ ወደኋላ እያዞሩ ሰሙ። የሽፋን ፎቶ በአጉሊ መነጽር አዩ። ስለዚህ በ1977 የቢትልስ አድማጭ ፍንጭ የማደን ልምድ ያለው፣ ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው ነበር።

የክላቱ ሸክላ ደግሞ ፍንጭ ሞልቶታል፤ ወይም እንደዚያ ይመስላል። ካፒቶል አሜሪካ ውስጥ የቢትልስንም ሸክላ ያሳትም የነበረው ኩባንያ ነው። የአልበሙ ድምፅ፣ በተለይ «ሳብ ሮዛ ሳብዌይ» የተባለው ዘፈን፣ በእርግጥም የማካርትኒን አዘፋፈን ያስታውሳል። ይህን እኔም አልክድም። በዘፈኑ ውስጥ የሞርስ ኮድ ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች ቁጭ ብለው ሊፈቱት ሞከሩ። ከሁሉ የበለጠው ግን የቢትልስ ከበሮ መቺ የነበረው የሪንጎ ስታር ነገር ነው። ሪንጎ በ1974 «ጉድናይት ቪየና» የሚል አልበም አውጥቶ ነበር። ሽፋኑ ከዚያው ከ1951ዱ ፊልም የተወሰደ ምስል ነው፤ ከጠፈር መርከቧ በር ላይ ከሮቦቱ ጋር የቆመው እንግዳ ፊት ተነስቶ የሪንጎ ፊት ገብቶበታል። ማለትም ሪንጎ ክላቱን ሆኖ ቆሟል!

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ምን ይበል? እውነታው ግን ሁለቱም ያንኑ ተወዳጅ ፊልም መውደዳቸው ብቻ ነው። ያውም የቶሮንቶዎቹ ልጆች ክላቱ የሚለውን ስም የያዙት በ1973፣ የሪንጎ ሽፋን ከመውጣቱ በፊት ነው።

በነገራችን ላይ «ሳብ ሮዛ ሳብዌይ» የሚያወራው ስለ ቢትልስ ሳይሆን ስለ አንድ እውነተኛ ሰው ነው። አልፍሬድ ኢሊ ቢች የሚባል የኒው ዮርክ አሳታሚና ፈጣሪ በ1870 ብሮድዌይ ከተባለው ጎዳና ሥር በአየር ግፊት የሚሄድ ባቡር ሠርቶ ለሕዝብ ከፈተ። ሲቆፍር ለባለሥልጣናት የነገራቸው የፖስታ ቱቦ እንደሚዘረጋ ነው። መስመሩ ከ100 ሜትር አይበልጥም ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተዘጋ። በጓሮ በር ተሠርቶ ስለተረሳ ባቡር ዘፈን መጻፍ፣ ያውም የሚያምር ዘፈን፣ ለእኔ ከማንኛውም የቢትልስ ወሬ ይልቅ ስለ እነዚህ ልጆች የሚናገር ነገር ነው። ፍንጭ አዳኞቹ ግን ይህን ሁሉ ዘለሉት።

አንድ ሌላ ነገርም ዘለሉ። በዚያው በ1976 ማካርትኒ ዊንግስ ከተባለው ባንዱ ጋር አሜሪካን እየዞረ ኮንሰርት ያሳይ ነበር። አራተኛው ቢትል ጆርጅ ሃሪሰንም ሪንጎም በየራሳቸው ስም አልበም አውጥተዋል። ሌነን ልጁን እያሳደገ ቤቱ ተቀምጧል። አራቱ በምን ጊዜያቸው ተሰብስበው በድብቅ አልበም ይሠራሉ? ቶሮንቶ ለሚገኝ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ደውሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላው የማጣሪያ መንገድ ነበር። የክላቱ ነጠላ ዜማ እዚያ ከተማ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ ይታወቃል።

ኩባንያው ለምን ዝም አለ?

ካፒቶል አንድ መግለጫ ቢያወጣ ነገሩ በአንድ ቀን ያበቃ ነበር። አላወጣም። ናቸውም አላለም፣ አይደሉምም አላለም። ክላቱ ክላቱ ነው በሚል ዓይነት መልስ አድበስብሶ አለፈ።

ይህን ለመረዳት የአሳታሚን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሸክላ አሳታሚ ገንዘቡን የሚያወጣው ቀድሞ ነው። ለስቱዲዮ፣ ለማሳተም፣ ለማከፋፈል። ከዚያ ለማስታወቂያ ሌላ ገንዘብ ያወጣል፣ ያም ሆኖ አብዛኛው አልበም ይከስራል። እዚህ ግን ሳይከፈልበት የመጣ ማስታወቂያ አለ። ጋዜጣው ይጽፋል፣ ሬዲዮው ያሰማል፣ ሰው ይገዛል። በሕግ ዋሽተሃል የሚለውም የለም፤ ምንም አልተናገረማ።

የባንዱ ልጆችስ? እነሱም ወጥተው እኛ ነን አላሉም። መጀመሪያ የያዙት አቋም አለ። ገበያውም ደርቷል። ግን ልዩነት አለው። የልጆቹ ዝምታ ከወሬው በፊት የነበረ፣ ምክንያቱም ሌላ የሆነ ዝምታ ነው። የኩባንያው ግን ወሬው ከተነሳ በኋላ የተመረጠ ነው። አድማጭ ሲናደድ ይህን ልዩነት አላየም። ስም የሌለውን ሸክላ የሠሩት ልጆቹ ናቸው፤ ስለዚህ ሸወዱን ተባለ።

እውነቱ እንዴት ወጣ?

እዚህ ጋ የምትመጣው ብዙ ሰው የማያውቃት አሰልቺ ቢሮ ናት። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ።

አንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሌላው የቀረጻው ነው፤ ያ ድርሰት ስቱዲዮ ገብቶ የተቀዳበት ድምፅ። ዘፈኑን ሌላ ሰው መልሶ ቢዘፍነው የድርሰቱ ባለቤት ይከፈለዋል፣ የመጀመሪያው ቀረጻ ባለቤት ግን አይከፈለውም። ድርሰቱ ደግሞ ሲመዘገብ የደራሲው ስም ይሰፍራል። በብዕር ስም መመዝገብ ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ደራሲ እውነተኛ ስሙን ነው የሚያሰፍረው፣ ገንዘቡ በዚያ ነውና።

ነገሩ እንደ ቤት ካርታ ነው። ግቢህ በር ላይ ስምህን ላትለጥፍ ትችላለህ፤ ጎረቤት የሚኒስትር ቤት ነው ብሎ ያውራ። ካርታው ግን ቢሮ ውስጥ በስምህ ተቀምጧል፤ ሄዶ የጠየቀ ያገኘዋል።

ሄዶ የጠየቀው ድዋይት ዳግላስ ነው። ዋሽንግተን የሚገኘው የደብሊው ደብሊው ዲ ሲ ሬዲዮ ጣቢያ የፕሮግራም ኃላፊ ነበር። የቅጂ መብት ቢሮውም እዚያው አካባቢ ነበር። መዝገቡን አስወጥቶ አየ። ሌነን የለም። ማካርትኒ የለም። ያለው ዎሎሹክ፣ ሎንግ፣ ድሬፐር ነው። አገር ምድሩ ሸክላ ወደኋላ እያዞረ ሲያዳምጥ መልሱ የሕዝብ መዝገብ ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ያስገርማል። ግን የሚገርመው የመዝገቡ እዚያ መኖር አይደለም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ብቻ ሄዶ ማየቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?

ሁለተኛው አልበማቸው «ሆፕ» በ1977 መኸር ላይ ወጣ። ከመጀመሪያው የበለጠ የተደከመበት ሥራ ነው። ስለ ጠፋ ሥልጣኔና ከጥፋቱ ስለተረፈ አንድ የብርሃን ማማ ጠባቂ የሚተርክ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተያያዘ አልበም። ለዚህ ሥራ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ድረስ ቀድተው ነበር፤ በመጨረሻው ቅንብር ግን አብዛኛውን አወጡት። ኦርኬስትራ ያለበት ቅንብር የተሰማው በ2005 «ሰን ሴት» በተባለው ስብስብ ላይ ነው።

ገዢ ግን አልነበረም። ወሬውን የገዛ ሰው ወሬው ሲከሽፍ ሙዚቃውንም ጣለው። እዚህ ላይ ነው እኔ የማዝነው። ሰዎቹ ቢትልስ ነን አላሉም። አለመሆናቸው ሲታወቅ ግን እንደ አጭበርባሪ ታዩ። አልበሙ ግን ያው አልበም ነው፤ አንድ ኖታ አልተቀየረም።

በ1978 «ሰር አርሚ ሱት» ወጣ፣ ብዙም አልተራመደም። በዚህ ጊዜ ካፒቶል ትዕግሥቱ አለቀ። ለ1980ው «ኢንዴንጀርድ ስፒሺስ» ልጆቹን ሎስ አንጀለስ አስመጥቶ፣ አዲስ ፕሮዲዩሰርና ቅጥር ተጫዋቾች መድቦ፣ ገበያ የሚፈልገውን ድምፅ እንዲሰጡ አደረገ። ከስማቸው በቀር የራሳቸው የሆነ ብዙ ነገር አልቀረበትም፤ የሚያስቀው፣ የአባላቱ ስም በግልጽ የተጻፈበት የመጀመሪያው አልበም ይኸው መሆኑ ነው። እሱም ከሠረ፣ ካፒቶልም አሰናበታቸው። የመጨረሻውን «ማጄንታሌን» በ1981 ካናዳ ውስጥ አወጡ። በዚያው ዓመት ተጨማሪ ተጫዋቾች ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጡ፣ ካናዳን ዞሩ። በ1982 ተበተኑ።

ዎሎሹክ ወደ ሒሳብ ሥራ ገባ። ድሬፐር እስከ አሁን በራሱ ስም አልበም ያወጣል። ዲ ሎንግ ደግሞ እንግሊዝ ሄዶ ኤይር በተባለው ስቱዲዮ ሠራ። የስቱዲዮው መሥራች ማን መሰላችሁ? የቢትልስ ፕሮዲዩሰር የነበረው ጆርጅ ማርቲን። ወሬ ፈጣሪዎቹ ይህን በ1977 ቢያገኙት ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር አስቡት።

አንዱ ዘፈናቸው ግን እንዴት ዓለምን ዞረ?

ምናልባት እርስዎም ሳያውቁ የክላቱን ዘፈን ሰምተውት ይሆናል። የመጀመሪያው አልበም መክፈቻ «ኮሊንግ ኦኪዩፓንትስ ኦቭ ኢንተርፕላኔተሪ ክራፍት» ይባላል። ለዎሎሹክ ሐሳቡ የመጣለት ከአንድ እውነተኛ ታሪክ ነው። በማርች 1953 የበራሪ ሰሐን ተመራማሪዎች ነን የሚሉ የአንድ ማኅበር አባላት በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ በያሉበት ሆነው፣ አንድ ዓይነት መልእክት በሐሳባቸው ወደ ጠፈር ለመላክ ሞከሩ። የመልእክቱ መጀመሪያ የዘፈኑ ርዕስ ነው።

ካርፔንተርስ የተባሉት ታዋቂ ወንድምና እህት ይህን ዘፈን በ1977 መልሰው ሠሩት። ካረን ካርፔንተር በዚያ ጥልቅና ለስላሳ ድምጿ ስለ ጠፈር እንግዶች ስትዘፍን አስቡት። ሲጀምር አንድ የሬዲዮ አቅራቢ የአድማጭ ስልክ ያነሳል፤ የደወለው ግን ከዚህ ዓለም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ 9ኛ ደረጃ ደረሰ። አሜሪካ ውስጥ 32ኛ። የክላቱ አልበም በራሱ ሰንጠረዥ ላይ የደረሰበት ቁጥርም ያው 32 ነበር። ዘፈኑን ዛሬም ብዙ ሰው የካርፔንተርስ ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። የድርሰቱ ባለቤቶች ግን ዎሎሹክና ድሬፐር ናቸው። ስማቸውን ያጋለጠባቸው ያው የድርሰት መብት ነው የካርፔንተርስ ቅጂ ሲሰማ ለደራሲዎቹ ገንዘብ የሚያስገኝላቸው።

የዛሬው ጥያቄ ከዚህ ምን ይወስዳል?

ልዩነቱን ሳናምታታ እንያዘው። ክላቱ ሰዎች ነበሩ፣ ስም ብቻ ነው የደበቁት። ቬልቬት ሰንዳውን ላይ የተደበቀው ከመጀመሪያው ሰው አለመኖሩ ነው። የማጣሪያው መንገድ ግን ተቀራራቢ ነው። ድምፁን ደጋግሞ መስማት ብዙም አይረዳም፤ በ1977 ጆሮ ያላቸው ብዙ ሰዎች ሰምተው ተሳስተዋል። የሚረዳው የመብት መዝገቡ ነው። ዘፈኑን ማን አስመዘገበው? የደራሲ ገንዘብ ለማን ይሄዳል? ከዚህ በፊት የት ተጫውተዋል? በብዙ አገር የደራሲያን ማኅበራት መዝገባቸውን በድረ ገጽ ከፍተውታል፤ እንደ ድዋይት ዳግላስ ቢሮ ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ስሙ የማይገኝ ሁሉ ማሽን ነው ማለት አይደለም። ጀማሪ ሙዚቀኛ ሳያስመዘግብ ሊቆይ ይችላል። ግን ከመገመት ይሻላል።

ሙዚቃውን መስማት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ሁሉም ሰው «ሳብ ሮዛ ሳብዌይ» ይላል። እኔ ከእሱ አትጀምሩ ባይ ነኝ። እሱን ከሰማችሁ ማካርትኒን መፈለግ ትጀምራላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ክላቱን አትሰሙም። ከዚያው አልበም መጨረሻ ላይ ያለውን «ሊትል ኒውትሪኖ» የተባለውን ስሙ። የዲ ሎንግ ሥራ ነው። ርዝመቱ ከ8 ደቂቃ በላይ ሲሆን፣ የዘፋኙ ድምፅ በማሽን ተቀይሮ፣ የሰው ዓይን ስለማያየው ኒውትሪኖ ስለሚባለው ቅንጣት ያዜማል። ቢትልስን በጭራሽ አይመስልም። ከዚያ ወደ «ሆፕ» እለፉ፤ እሱን ግን ዘፈን እየዘለሉ ሳይሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው።